የሀገርን ታሪክ መሰብሰብ የመንግሥት ደመወዝ የሚገባው ሥራ ነውን?

በዚህ ዕትም የምናጠናው ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከልማት ሥራ የራቀ ይመስላል። መንግሥት ከሕዝብ ከሰበሰበው ገንዘብ ቀንሶ የሀገርን ታሪክ ለሚሰበስቡ፣ ለሚመዘግቡና ለሚጠብቁ ሠራተኞች ደመወዝ ሊከፍል ይገባዋልን? ንጹሕ ውኃ ያላገኘ ቀበሌ፣ መድኃኒት የጎደለው ጤና ጣቢያ እያለ የአረጋውያንን ትዝታ ለማስጻፍ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት አይሆንምን? ይህን የሚጠይቅ ሰው ክፉ አልተናገረም። በጀት የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነው፤ ስለዚህም በደፈናው «ታሪክ ለሀገር አስፈላጊ ነው» ብለን ልናልፈው አይገባም። የጸሐፊው አቋም መክፈል ይገባል የሚል ነው፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚከፈልና ለማን እንደሚከፈል ካልተወሰነ የተሰበሰበው ታሪክ ካልተሰበሰበው ሊከፋ ይችላል። ይህም በሌላ ሀገር ከደረሰ ነገር በግልጽ ይታያል።

ያለ ደመወዝ ተጠብቋልን?

በመጀመሪያ በመካከላችን በብዛት የሚነገረውን ክርክር እንመልከት። «አባቶቻችን ቅርሳቸውን ያለ ማንም ደመወዝ ጠብቀው አቆይተዋል፤ በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት ከሺህ ዓመት በላይ የቆዩት በመንግሥት በጀት አይደለም» ይባላል። የመነኮሳቱ ትጋት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያለ ወጪ ተጠበቁ ማለት ትክክል አይደለም። ታላላቅ ገዳማትና አድባራት ነገሥታት በሰጧቸው ጉልት ይተዳደሩ ነበር። መጽሐፍ የሚጽፈው ጸሐፊ፣ ብራናውን የሚዳምጠው ባለሙያ፣ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው አባት የሚበሉት ከዚያ መሬት ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ያ መተዳደሪያ ቀረ። መሬቱ ሲሄድ መጻሕፍቱ በቦታቸው ቀሩ፤ የጠባቂው ቀለብ ግን ከየት እንደሚመጣ የወሰነ አልነበረም። እንግዲህ በጥንቱም ዘመን መንግሥት ለታሪክ ጥበቃ ይከፍል ነበር፤ ክፍያው በብር ሳይሆን በመሬት ስለ ነበረ ብቻ ደመወዝ አልተባለም።

ታሪክን ለመጻፍም እንዲሁ ነው። ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጀምሮ የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የተጻፈው በቤተ መንግሥት በሚኖሩ ሊቃውንት ነው። የዐፄ ምኒልክን ታሪክ የጻፉት ገብረ ሥላሴ ማዕረጋቸው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር። እነዚህ ሰዎች ባይጻፉ ኖሮ ስለ ራሳችን የምናውቀው እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር። ነገር ግን ዜና መዋዕሉን የሚያነብ ሰው ንጉሡ የት እንደ ሰፈረ፣ ማንን እንደ ሾመና ማንን እንደ ሻረ ሲያገኝ፣ ያን ሠራዊት ያበላው ባላገር ምን ብሎ እንደ ነበረ አያገኝም። ከፋዩ ቤተ መንግሥት ስለ ነበረ የተጻፈውም የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ነው። ይልቁንም ስለ ተራው ሰው የሚነግሩን በወርቅ ወንጌልና በሌሎች መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉት አጫጭር ማስታወሻዎች ናቸው። ማን መሬት ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ እነማን ምስክር ሆኑ፣ ዋሱ ማን ነበር የሚለው በዚያ ይገኛል። የጎንደርን ዘመን የመሬት ሽያጭ ያጠኑ የታሪክ ሊቃውንት ዋና ምንጫቸው ይኸው ኅዳግ ነው።

አሜሪካ በችግሯ ዘመን ያደረገችው

አሁን ወደ ሌላ ሀገር እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1929 በጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት በአሜሪካ ሚሊዮኖች ሥራ አጡ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ ትልቅ የሥራ መፍጠሪያ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። አብዛኛው ገንዘብ መንገድ፣ ድልድይና ትምህርት ቤት ለመሥራት ዋለ። ከዚያው መካከል ጥቂቱ ግን አካፋ ላልለመዱ ሥራ አጦች፣ ማለትም ለጸሐፍት፣ ለመምህራን፣ ለጋዜጠኞችና ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ተመደበ። የፌዴራል የጸሐፍት ፕሮጀክት የተባለው ይህ ነው። ሥራው በበረታበት ጊዜ ከ6,000 በላይ ሰዎች ደመወዝ ያገኙበት ነበር፤ ብዙዎቹም የሚመረጡት ከእርዳታ ተቀባዮች መዝገብ ነው። በዘመናችን አነጋገር ሴፍቲኔት ነበር ማለት ይቻላል።

እነዚህ ሠራተኞች ምን ሠሩ? በዚያን ጊዜ ለነበሩት 48 ግዛቶች ለእያንዳንዱ መልክዓ ምድሩን፣ ታሪኩንና ሕዝቡን የሚገልጽ መጽሐፍ አዘጋጁ። አብሮት የተቋቋመው የታሪክ መዛግብት ዳሰሳ ደግሞ በየአውራጃው ፍርድ ቤት ምድር ቤትና ጣራ ሥር ተጥለው የነበሩትን መዛግብት እየቆጠረ ዝርዝራቸውን አወጣ፤ የአብያተ ክርስቲያናትንም መዛግብት ዘረዘረ። የዚህ ዳሰሳ ኃላፊ የነበሩት ሉተር ኢቫንስ ኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ ቀጥሎም የዩኔስኮ ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። ከጸሐፍቱም መካከል ዞራ ኒል ኸርስተን በፍሎሪዳ፣ ራልፍ ኤሊሰን በኒውዮርክ፣ ሪቻርድ ራይት በቺካጎ ሠርተዋል። በእርዳታ ደመወዝ የተቀጠሩ ሰዎች ሥራ ሁልጊዜ የወረደ ነው የሚል ሰው ካለ እነዚህን ስሞች ያስታውስ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከ1936 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. በ17 ግዛቶች የተሰበሰበው ቃል ነው። በልጅነታቸው በባርነት የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን በዚያን ጊዜ በሕይወት የቀሩት ጥቂት ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸውም ከሰባ እስከ መቶና ከዚያም በላይ የደረሰ ነበር። ከ2,300 በላይ ቃሎችና ወደ 500 የሚጠጉ ፎቶግራፎች ተሰበሰቡ። አሥር ዓመት ቢዘገይ ኖሮ አብዛኛው ባልተገኘ ነበር።

እዚህ ላይ የፕሮጀክት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ይህ ስብስብ በ1941 እ.ኤ.አ. በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ17 ጥራዝ ተጠርዞ ከተቀመጠ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ብዙ የታሪክ ሊቃውንት አልተጠቀሙበትም። በስፋት የታተመው ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ዛሬ ግን ስለ አሜሪካ ባርነት የሚጽፍ ሰው ሳይጠቅሰው አያልፍም። የሦስት ዓመት ዕቅድና የሩብ ዓመት ሪፖርት ለለመድን ለእኛ ይህ የሚያስቸግር ነገር ነው፤ በየትኛው የግምገማ ሠንጠረዥ ውስጥ «ውጤቱ ከ35 ዓመት በኋላ ይታያል» ተብሎ ይጻፋል? ለዚህም ነው እንዲህ ያለውን ሥራ ለለጋሾች ፕሮጀክት ብቻ መተው የማይቻለው። ለጋሽ ቶሎ የሚታይ ውጤት ይሻል፤ ልጆቹ ለሚያነቡት ነገር ዛሬ ሊከፍል የሚችለው መንግሥት ነው።

አንዲት ሴት፣ ሁለት ቃል

ይህ ሁሉ ሲነገር ሥራው ነውር የሌለበት እንዳይመስል። በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርልስተን ከተማ፣ በራሷ አነጋገር ዕድሜዋ ከመቶ ያለፈ ሱዛን ሐምሊን የተባለች ሴት ነበረች። በ1937 እ.ኤ.አ. አንዲት ነጭ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ወደ ቤቷ ሄደች። አሮጊቷ ሠራተኛዋን ባየች ጊዜ ቀድሞ ትረዳት ከነበረው የእርዳታ ቢሮ የመጣች መሰላት። ሠራተኛዋም ይህን አላረመችም፤ አለማረሟንም ራሷ በሪፖርቷ ጽፋዋለች። በዚያ ቀን የተመዘገበው ቃል ጌታዋ ደግ ሰው እንደ ነበረ የሚናገር ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ጥቁር የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ያችኑ ሴት አነጋገረ፤ በእርሱ ወረቀት ላይ ስሟ እንኳ በጥቂቱ ተለውጦ ሐምልተን ተብሎ ተጽፏል። ለእርሱ የነገረችው የግርፋትን፣ ከእናታቸው ተነጥለው የተሸጡ ልጆችን፣ ማታ ተጋብተው ጠዋት ሚስቲቱ የተሸጠችበትን ታሪክ ነው።

ሁለቱም ወረቀቶች በመንግሥት ደመወዝ የተጻፉ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። አንደኛው ብቻ ቢተርፍ ኖሮ ምን እንደምናምን አስቡ።

ይህ ጉዳይ ከእኛ ሥራ እምብዛም የራቀ አይደለም። ማስታወሻ ደብተር ይዞ፣ በመኪና መጥቶ ወደ አንድ ገበሬ ደጅ የሚቀርብ ሰው ምንም ቢናገር በገበሬው ዓይን እህል የሚጽፍ ወይም ስም የሚሰርዝ ሰው ነው። የጥናት ቅጽ ይዘው የወጡ ሁሉ ያውቁታል፤ የላሞቹ ቁጥር ያንሳል፣ የቤተሰቡ ቁጥር ይበዛል፣ ስለ ቀበሌው አስተዳደር ሲጠየቅ «ሁሉም ደኅና ነው» ይባላል። ሰውዬው ስለ ዋሸ አይደለም፤ ልጆቹን ማብላት ስላለበት ነው። እንግዲህ የእርዳታ መዝገብ የያዘው እጅና የታሪክ መዝገብ የያዘው እጅ አንድ ከሆኑ፣ የምንሰበስበው ታሪክ ሳይሆን ልመና ይሆናል። የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታዬ ይህ ነው፤ ታሪክ ሰብሳቢው በምንም መልኩ የእርዳታ ስም ዝርዝር ውስጥ እጁን ሊያስገባ አይገባም፤ ማን እንደ ሆነና ለምን እንደ መጣም አስቀድሞ ሊናገር ይገባል።

ከፋዩ ሲቆጣ

ሁለተኛው አደጋ ከላይ የሚመጣው ነው። የማሳቹሴትስ መጽሐፍ በ1937 እ.ኤ.አ. በወጣ ጊዜ ብዙዎች ያለ አግባብ ተገደሉ ስለሚሏቸው ስለ ሁለቱ ጣሊያናውያን ስደተኞች፣ ስለ ሳኮና ቫንዜቲ፣ በስፋት በመጻፉ የግዛቲቱ ገዥ ተቆጡ። በቀጣዩ ዓመት በኮንግረስ የተቋቋመ አንድ ኮሚቴ ፕሮጀክቱን የኮሚኒስቶች መደበቂያ ነው ብሎ ከሰሰው። በ1939 እ.ኤ.አ. የፌዴራል መንግሥት ሥራውን ወደ ግዛቶች አዛወረ፤ ዋናው ዳይሬክተር ሄንሪ አልስበርግም ተሰናበቱ፤ በ1943 እ.ኤ.አ. ፈጽሞ ተዘጋ። መንግሥት የሰጠውን መንግሥት ይነሣል። ይህን የሚያነሡ ሰዎች «ስለዚህ መንግሥት እጁን ከታሪክ ያውጣ» ይላሉ። ነገር ግን ፕሮጀክቱ ቢዘጋም የተሰበሰበው ቃል አልጠፋም፤ አስቀድሞ ከአንድ በላይ ቦታ ስለ ተቀመጠ ተረፈ። ስለዚህ ከመንግሥት ገንዘብ መሸሽን ሳይሆን መንግሥት ብቻውን ሊያጠፋው በማይችል ቦታ ማስቀመጥን እንማራለን።

ሀብታም ሀገር ስለ ሆነች ነው የሚል ካለ አየርላንድን ይመልከት። በ1935 እ.ኤ.አ. ገና ድሃ የነበረችው ሀገር የፎክሎር ኮሚሽን አቋቁማ ጥቂት የሙሉ ጊዜ ሰብሳቢዎችን በደመወዝ አሰማራች። ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ 5,000 በሚጠጉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 50,000 ያህል ልጆች የአያቶቻቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ታሪክ በደብተራቸው እንዲጽፉ ተደረገ። መምህሩ ደመወዙን አስቀድሞ ያገኛል፤ ልጁም ደብተር አለው። ከደመወዙ ይልቅ ዝግጅቱና ሐሳቡ ነበር የጎደለው።

ሌላው ሲከፍል

መንግሥታችን ለዚህ ሥራ አልከፍልም ቢል ሥራው ሳይሠራ ይቀራል ብለን እንዳንታለል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ የሆነው ሪቻርድ ሆምዝ አብሮ መጥቶ ነበር። ወታደሮቹ የዘረፉት በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሲሸጥ ለሙዚየሙ የገዛው እርሱ ነው፤ በዚህም መንገድ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ሄዱ። ከ1931 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ ያቋረጠውና ማርሴል ግሪዮል የመራው ጉዞ ገንዘቡን በከፊል ያገኘው የፈረንሳይ ፓርላማ ባወጣው ልዩ ሕግ ነው። የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው ተነቅለው፣ በምትካቸው አዲስ ተሥሎ፣ ዛሬ በፓሪስ ይገኛሉ፤ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትም አብረው ሄደዋል። የኢትዮጵያን ታሪክ ለመሰብሰብ የመንግሥት ደመወዝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ እንግዲህ በለንደንና በፓሪስ ቀድሞ መልስ አግኝቷል ማለት ነው።

በጎ ምሳሌም አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. በቤተ ክርስቲያናችን መንበረ ፓትርያርክ፣ በመንግሥትና በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ገዳማዊ የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ስምምነት ከየገዳማቱ የተሰበሰቡ መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣት ጀመሩ። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ መጻሕፍቱም ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። ከካታሎግ አዘጋጆቹ ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሲሆኑ በዚያ ሥራ ለአሥርት ዓመታት ተግተዋል። ብራናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ቃሉ እንዲተርፍ ያደረገ ሥራ ነው። ሆኖም ማይክሮፊልሙ የሚያነሣው የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ያልተጻፈውን፣ በሰው አእምሮ ያለውን፣ ማን ያንሣ?

በእኛ ሀገር እንዴት ይሁን?

ሕጉ አለ። ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ይገኛል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት የሌላቸውንም ቅርሶች ይጨምራል። የጎደለው በወረዳ ደረጃ ተቀምጦ ይህን ሥራ ዕለት ዕለት የሚሠራ ሰው ነው። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ብዙ ጊዜ በዓላትን ሲያዘጋጅና እንግዳ ሲቀበል ይከርማል።

በሌላ በኩል ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አለን። ጉልበት ያለው የቤተሰብ አባል እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል፤ ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። ተመልከቱ፤ መዝገባችን «መሥራት የማይችሉ» ብሎ የጻፋቸው እነዚህ አረጋውያን የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ በዓይናቸው ያዩ፣ የትኛው ምንጭ መቼ እንደ ደረቀ፣ የትኛው ተራራ በማን ዘመን እንደ ተራቆተ፣ የትኛው የእህል ዘር እንደ ጠፋ የሚያውቁ ናቸው። እርከኑን የሚሠራው ወጣት የሚሠራበት ተዳፋት ደን እንደ ነበረ ላያውቅ ይችላል። በ1977 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ስድሳን አልፏል፤ ቤተሰብ ያስተዳድር የነበረውማ ሰማንያውን ይዟል ወይም አርፏል። በእኛም ሀገር በባርነት የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ እንደ ተደረገው ያለ ሀገር አቀፍ ስብሰባ ግን አልተደረገላቸውም፤ ያ በር አሁን ተዘግቷል ማለት ይቻላል። የድርቁ ዘመን በር ገና አልተዘጋም።

ስለዚህ በጸሐፊው አስተያየት ከማኅበረሰብ አቀፍ ሥራዎች ዝርዝር መካከል ታሪክ መመዝገብ አንድ የሥራ ዓይነት ሆኖ ሊቆጠር ይገባል። ደመወዙ የሚገባው ለሰብሳቢው ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ ያጡ ወጣቶች በየከተማው አሉ። በአብነት ትምህርት ቤት ቅኔውንና መጻሕፍቱን የተማሩ፣ ግእዝና የቀድሞ አጻጻፍ ማንበብ የሚችሉ፣ ነገር ግን ቁራሽ ለምነው የሚያድሩ ደቀ መዛሙርትም አሉ። የወርቅ ወንጌልን ኅዳግ ለማንበብ ከእነርሱ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? በአንድ ወረዳ አንድ የአብነት ተማሪና አንድ ተመራቂ ወጣት ተጣምረው ቢመደቡ አንደኛው የተጻፈውን፣ ሁለተኛው የሚነገረውን ይይዛሉ። ሴት ሰብሳቢዎችም ሊኖሩ ግድ ነው፤ ባልቴቶች ለወንድ የማይናገሩት ብዙ ነገር አለና። ከአካባቢው ቋንቋና እምነት ጋር የሚስማማ ሰው መመረጡም እንዲሁ ነው፤ እስላም ጎረቤታችን፣ በሌላ ቋንቋ የሚናገረውም ወንድማችን የራሱን ታሪክ በራሱ አንደበት የመስጠት መብት አለው። ቤተ ክርስቲያን የብዙ ሺህ መጻሕፍት ባለቤት መሆኗ የሀገሪቱን ትዝታ ሁሉ ብቻዋን እንድትይዝ አያደርጋትም።

ተናጋሪው አረጋዊ ግን በቃሉ ምክንያት ክፍያ ሊሰጠው፣ ወይም ባለመናገሩ ድጋፉ ሊቀነስበት አይገባም። ቡና ማፍላት፣ ከሩቅ ለመጣ ሰው የመሳፈሪያ መክፈል ሌላ ነገር ነው። ክፍያ ከቃል ጋር ከተያያዘ የሱዛን ሐምሊን ነገር ይደገማል።

የቀረው የአያያዝ ጉዳይ ነው። ቃሉ በድምፅ ይቀረጽ፤ በተናጋሪው ቋንቋ ይጻፍ፤ ሰብሳቢው በራሱ አነጋገር አያሳምረው። አሜሪካኖቹ የተናጋሪዎቹን አነጋገር ራሳቸው በመሰላቸው መንገድ ስለ ጻፉት ዛሬም ክርክር አለ። ቀን፣ ቦታ፣ የሰብሳቢው ማንነት፣ በአጠገብ ማን እንደ ነበረ ይመዝገብ፤ ባል ወይም የቀበሌ ሹም ተቀምጦ የተሰጠ ቃል ብቻዋን ከተናገረችው ጋር አንድ አይደለምና። ተናጋሪው እስኪያርፍ እንዳይገለጥ ያለው ነገር ካለ ይከበርለት። አንዱ ቅጂ ወደ ወመዘክር፣ አንዱ በአቅራቢያ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ይሂድ። ሦስተኛው ግን በዚያው ቀበሌ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም ማኅበረሰቡ በመረጠው ቦታ ሊቀመጥ ይገባል፤ ተናጋሪው ቃሉን በልጅ ልጁ አስነብቦ «እንዲህ አላልኩም» ብሎ ሊያሳርም የሚችለው በዚያ ሲገኝ ነው።